ከስምንተኛው ቀን በፊት

በብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ገራዡ ቤት ድረስ ይመጣል፤ አለዚያም ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ከእነዚህ ሕፃናት የጥቂቶቹ ሽንት መውጫ የተፈጠረው ብልታቸው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከታች በኩል ዝቅ ብሎ ነው። ሐኪሞች ሃይፖስፔዲያስ ይሉታል፤ በዓለም ላይ ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንዶች ልጆች በአንዱ ላይ ይታያል። ለዚህ ልጅ ሸለፈቱ ትልቅ ንብረቱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ኋላ አዲሱን የሽንት ቧንቧ የሚሠራው ወይም የሚሸፍነው በዚያ ቆዳ ነው። በስምንተኛው ቀን ከተጣለ ግን ሐኪሙ ከአፍ ውስጥ ስስ ቆዳ እስከ መውሰድ ሊደርስ ይችላል።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው በአሠራር ይለያያሉ። ለሃይፖስፔዲያስ ብቻ ከ200 በላይ የቀዶ ሕክምና ዘዴዎች ተጽፈዋል። አንዱ ሐኪም ዋረን ስኖድግራስ እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቀውን የአንድ ዙር ዘዴ ይመርጣል፤ ሌላው ደግሞ ከባድ ሲሆንበት በሁለት ዙር፣ በመካከሉ ወራት ሰጥቶ ይሠራል። ይህ ብዙም አያሳስበኝም። የችግሩ መጠን ከልጅ ልጅ ይለያያል፣ እጅም የሚበረታው በለመደው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት የሚፈጠረው ልዩነት ነው። አንድ ዓይነት ችግር ይዘው የተወለዱ ሁለት ልጆች የተለያየ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው፣ አንዱን ያዋለደችው ነርስ አገላብጣ ስላየችውና ሌላውን ማንም ስላላየው ሲሆን ያ የሐኪሞች የሐሳብ ልዩነት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዌንበርግና አለን ጊትልሰን በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት ጎረቤት አካባቢዎችን አነጻጽረው ነበር። ቶንሲል የሚቆረጥላቸው ልጆች ብዛት ከአካባቢ አካባቢ እጅግ ተራርቆ አገኙት፤ ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው የሐኪሞቹ ልማድ ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ነገር የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለጥቁር አንበሳና ለቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ቅርብ ናቸው። ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዞ መድረስ ይቻላል። ሐኪሙ ያው አንድ ሐኪም ሆኖ፣ የሚለያየው ልጁ ፊቱ የሚቀርብበት ዕድሜ ነው።

ዕድሜ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የሚታየው ከሽንት ፊኛ በታች ባለው ቧንቧ ውስጥ ስስ ሽፋን ኖሮበት በሚወለድ ወንድ ልጅ ላይ ነው። ሽንቱ ወደ ኋላ ይገፋና ፊኛውን ያወፍራል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጨርቅ የምትቀይር እናት የልጇ ሽንት ወንጨፍ ብሎ እንደሚወጣ ወይም ጠብ ጠብ እንደሚል ከማንም በፊት ታውቃለች። የሚጠይቃት ግን የለም። ልጁ በጊዜ ከደረሰና ለሕፃን የሚሆን ቀጭን መሣሪያ ካለ ሽፋኑ በቧንቧው በኩል ተገብቶ ይቆረጣል። መሣሪያው ከሌለ ወይም ሕፃኑ በጣም ትንሽ ከሆነ ፊኛው ከእምብርት በታች ሆድ ላይ ይከፈትና ሽንቱ ወደ ጨርቅ ይወርዳል፤ ልጁ ሲያድግ እንደገና ይዘጋል። ይህ ሁለተኛው መንገድ የሰነፍ ሐኪም ሥራ አይደለም፤ ኩላሊት ያተርፋል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ግን የትኛውም ቢሠራለት የሞተውን የኩላሊት ክፍል የሚመልስለት የለም። ቅዱስ ጳውሎስ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ሁላችንም ተደስተናል። ልጁ እዚያ ደረጃ ላይ እንዳይደርስ ማድረግ ይቻል የነበረው ግን ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው።

ያልወረደ የዘር ፍሬም እንዲሁ ነው። በጊዜያቸው ከተወለዱ ወንዶች በመቶ 3 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱ ይወርዳል። ከ6 ወር በኋላ ካልወረደ ግን እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ እንዲሠራ ይመከራል፤ መዘግየቱ የመውለድ አቅምን ይቀንሳል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። «ሲያድግ ይወርዳል» የሚለው ምክር ለሦስት ወር ልጅ ልክ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ጉዳት ነው። ሁለቱም ፍሬዎች የማይዳሰሱ ከሆነ፣ በተለይም የሽንቱ መውጫ ዝቅ ካለ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። አንዳንዴ ወንድ የመሰለው ሕፃን የእጢ ሆርሞን ችግር ያለባት ሴት ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ሰውነቷ ጨው ማቆየት ካልቻለም፣ ሳትታከም ከቀረች በሳምንታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ስለዚህ የሁሉንም ቀዶ ሐኪም አሠራር አንድ ለማድረግ ከመድከም በፊት አዋላጇ የምትሠራው ምርመራ አንድ ቢሆን እመርጣለሁ። ፍሬዎቹን ትዳስስ፣ የሽንቱን መውጫ ትይ፣ ሽንቱ እንዴት እንደሚወጣ እናቱን ትጠይቅ። ያጠራጠራት ካለ በመውጫ ወረቀቱ ላይ «እንዳይገረዝ» ብላ በትልቁ ትጻፍ። ሃይማኖቱን የሚነካ የለም፤ የሚባለው ቆዩ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ለአራስ ጥየቃ ስትገባ ወረቀቱን ለአባትና ለአያት ታስረዳ፤ ገራዡን የሚጠሩት እነሱ ናቸውና።

ሪፈር በዛ፣ የጥቁር አንበሳ ወረፋ ረዘመ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይረዝማል። ነገር ግን የዘር ፍሬ ማውረድ የግድ ጥቁር አንበሳን የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሠልጥኖ የለመደ ቀዶ ሐኪም በከተማው ሆስፒታል ሊሠራው ይችላል፤ እዚያ የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ሕፃን በደህና አስተኝቶ በደህና የሚያነቃ የሰመመን ባለሙያ አለመኖሩ ነው። ለእነዚህ ከተሞች ገንዘብ ሲመደብ፣ ከአዲስ ሕንፃ በፊት ለዚህ ባለሙያ ደመወዝና ለሕፃናት ለሚሆኑት መሣሪያዎች ይመደብ።