የቪክቶሪያ ዘመን ግጥም ለቅኔ ተማሪ

በዶሃ የሚገኘው የኳታር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍና የልሳንን ጥናት በአንድ ክፍል ሥር ያስተምራል። ግጥምን የሚያነብ የቋንቋውን አሠራር እንዲመረምር መደረጉ መልካም ነው፤ ለኢትዮጵያ ቅኔ ቤት ግን ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የዋሸራ ተማሪ ግሡንና አገባቡን እያጠና በዚያው ሰሞን ቅኔ ይቈጥራል፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ይደርሳል። እንዲያውም ቅኔ ቤት አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ተማሪው የሌላውን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይመለስም፥ የራሱን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል እንጂ።

እንግዲህ ለሥራ ወደ ዶሃ ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ከቅኔ ቤት የወጣ ቢኖር፥ የእንግሊዞችን የቪክቶሪያ ዘመን ግጥም ለማንበብ ባዶ እጁን አይደለም። በ2017 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለነዋሪው ክፍት ነው፤ የሚቸግረው ከሥራ የሚተርፍ ሰዓት ማግኘት ነው።

ለእንዲህ ያለው አንባቢ ከቴኒሰን ይልቅ ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ ይስማማዋል። ቴኒሰን ለጆሮ የጣፈጠ ነው። የሆፕኪንስ ቃል ግን እንደ ግእዝ ቅኔ ቦታውን ለቅቆ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ከአንቀጹ ይርቃል፥ ቅጽሉ በቅጽል ላይ ይደራረባል። ስንኙንም የሚለካው ቀለማትን በመቍጠር ሳይሆን ጠንክረው የሚነገሩትን ብቻ በመቍጠር ነው። ማሰሪያ አንቀጹን መፈለግ ያልለመደ ሰው ከሁለተኛው መስመር አያልፍም። የቅኔ ተማሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከሌላ ስሕተት ነው፤ ይኸውም በየመስመሩ ሰምና ወርቅ ከመፈለግ። የእንግሊዝ ገጣሚ ወፍን ሲያነሣ አስቀድሞ ወፊቱን ራሷን ማለቱ ነው።

መነኵሴ በባዕድ ግጥም ምን ቁም ነገር አለው? የሚሉ አባቶች አሉ። ሆፕኪንስም ጀስዊት ነበረ፤ የማኅበሩ ስም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰውን ደም ያስታውሳልና ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቅዱስ ባስልዮስ ስለ አረማውያን መጻሕፍት ለወጣቶች በጻፈው ምክር፥ ንብን አብነት አድርጎ የሚጠቅመውን መርጦ መውሰድን አስተምሯል።

ሆፕኪንስ ራሱም ይህንኑ ጥያቄ በብርቱ ጠይቆታል። በ1868 ወደ ማኅበሩ ሲገባ ግጥሞቹን አቃጠለ፤ ሰባት ዓመት ያህልም ከግጥም ታቀበ። በዚህ መካከል በ1873 የማኅበሩን ወጣቶች የንግግር ጥበብ እንዲያስተምር ተመደበ። ስለዚህ ለሌሎች ያስተምር የነበረውን ጥበብ ለራሱ ነፍጎት ነበር ማለት ነው። በ1875 መጨረሻ አምስት መነኮሳይያት በመርከብ አደጋ ሲሞቱ፥ አንድ ሰው ስለ እነርሱ ቢጽፍ መልካም ነበር ሲሉ አለቃው ተናገሩ፤ እርሱም በዚህ ቃል ብዕሩን አነሣ። የማኅበሩ መጽሔት ግጥሙን አላተመውም። ግጥሞቹ በመጽሐፍ የወጡት በ1918፥ እርሱ ካረፈ ከ29 ዓመት በኋላ ነው። በማሕሌት አንድ ጊዜ ተሰምቶ የማይደገመውን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ያለ ብዙ ሐተታ ያስተውለዋል።

ጀማሪው ከባለ 14 መስመር ግጥሞቹ አንዱን ይያዝ፤ እንደ ግእዝ ንባብ ባለቤቱን፥ ተሳቢውንና ማሰሪያውን ለይቶ ያውጣ። በማግሥቱም በዚያው ነገር ላይ ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ለመምህሩ ያቅርብ። መምህሩ እንግሊዝኛ ባያውቁም ማሰሪያው የት እንዳለ መጠየቃቸው አይቀርም።