ሶኬት በመልኩ አይመረጥም

ትልቁን ዕቃ በብርቱ ጥንቃቄ መርምሮ ትንሹን ዕቃ ግን በዋጋው ብቻ ፈርዶ መግዛት በንግድ ሥራ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። ማቀዝቀዣ ወይም የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ የፋብሪካውን ስም፣ የዋስትናውን ዘመንና የመለዋወጫውን ነገር ሳያጣራ ገንዘቡን አይከፍልም። መኪናው የሚሰካበትን ሶኬት የሚያስመጣው ነጋዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋጋው ስንት ነው? መልኩስ ያምራል ወይ? የሚል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ያ ኃይል ወደ ቤታችን ዕቃ የሚደርሰው በመጨረሻ በሶኬቱ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የናስ ምላስ በኩል ነው። ምላሲቱ የላላች እንደ ሆነ ኃይሉ ሁሉ ወደ ሙቀት፣ ሙቀቱም ወደ እሳት ይለወጣል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይበጃል። በአገራችን የሚሠራበት ኃይል 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ 10 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት የሚችለው 2,200 ዋት ሲሆን፣ 16 አምፔር የተጻፈበት ደግሞ 3,520 ዋት ይችላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። እንግዲህ ባለ 10 አምፔሩን ሶኬት ለምጣድ የሸጠ ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ አህያ የማትችለውን ጭነት እንደ ጫነ ይቈጠራል። በላላ ግንኙነት ላይ የሚነሣው ሙቀት ከኃይሉ ፍሰት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። የሶኬቱ ፊት ጠቍሮ ፕላስቲኩ የሚቀልጠውም ከዚህ የተነሣ ነው። ለምጣድ ተገቢው መንገድ ከማከፋፈያው ሳጥን ጀምሮ የራሱ ብሬከርና ከመደበኛው የሶኬት መሥመር የወፈረ የራሱ ሽቦ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ነገር የምድር ሽቦ ጕዳይ ነው። ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ የመሰኪያው ቅርጽም እንዲሁ ልዩ ልዩ ነው። የአውሮፓው ሁለት ክብ እግሮች አሉት፤ ከዱባይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የእንግሊዞቹን ሦስት አራት ማዕዘን እግሮች ይዞ ይመጣል፤ የቻይናው ደግሞ ጠፍጣፋና ሰያፍ ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ሲባል ሁሉንም ዓይነት የሚቀበል ሶኬት በገበያ ላይ ወጥቶ ብዙ ገዢ አግኝቷል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጕድለት አለበት። በጀርመን ዓይነት መሰኪያ የምድሩ ግንኙነት የሚገኘው በጐንና በጐኑ ባሉት የብረት ቅንጥሶች ላይ ሲሆን፣ ሁሉን ተቀባዩ ሶኬት በጐኑ ምንም የለውም። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያው መኪና ይሠራል፤ ከምድር ጋር ግን አልተገናኘም። በውስጡ ያለው ሽቦ ተልጦ ሰውነቱን የነካ ዕለት አደጋው በዕቃው ላይ ሳይሆን እጅዋን በምታሳርፈው የቤት እመቤት ላይ ይወርዳል። ሁሉን የሚቀበል ሶኬት አንዱንም አጥብቆ አይዝም ማለት ይቻላል።

በዚህ ዘመን ደግሞ በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያና ሶኬት በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ ታይቷል። ይህ መልካም ሥልጣኔ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ሻጩ ራሱ ሳያውቀው የሚሸጠው ዕቃ ከሆነ ለገዢው ጸጸት እንጂ ምቾት አያመጣም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማብሪያዎች ሁልጊዜ ነቅተው ለመኖር የኒውትራል ሽቦ ይፈልጋሉ። በአብዛኞቹ ቤቶቻችን ግን ወደ ማብሪያው የሚወርደው የፌዙ ሽቦና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ብቻ ነው። ያለ ኒውትራል የሚሠራው ዓይነት ጥቂት ኃይል በአምፖሉ ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ አነስተኛ ኃይል የሚስቡት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ከጠፉ በኋላ እንኳ ሲርገበገቡ ይታያሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዘመድ የሚልኩትም ቢሆን ብዙው ለ120 ቮልት የተሠራ ነውና በእኛ መሥመር ላይ የገባ ቀን ይቃጠላል። በተጨማሪም በስልክ የሚታዘዘው ሶኬት ብዙውን ጊዜ የ10 አምፔር ነው፤ ለመብራትና ለሬዲዮ እንጂ ለምጣድ አይሆንም።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው የእነዚህ ዕቃዎች ጌታ ማን እንደ ሆነ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ትእዛዙን የሚቀበለው በባሕር ማዶ ካለ የፋብሪካው ኮምፒዩተር ነው፤ ኢንተርኔት የተቋረጠ ወይም ፋብሪካው አገልግሎቱን የዘጋ እንደ ሆነ ዘመናዊነቱ በዚያው ያበቃል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2022) የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ደረጃ፣ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ዕቃዎች በቤት ውስጥ ባለው መረብ በቀጥታ እንዲነጋገሩ ያስችላል። አስመጪው ይህን ምልክት ቢፈልግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት በሌሉበት በጣት ተጭኖ ሊበራና ሊጠፋ የሚችለውን ቢመርጥ ደንበኛውን ያከብራል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ገዢው የሚፈልገው ርካሹን ነው፤ እኛ ውዱን አስመጥተን ማን ይገዛናል?» ይላሉ። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም። በተለይም የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንዲት ዶላር የምታስከፍለውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሥጋት ይረዳል። ዳሩ ግን ገዢው ርካሹን የሚመርጠው ልዩነቱን የሚነግረው ስላጣ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ሶኬት ሁሉ ቢደመር ዋጋው ከቤቱ ሥራ ወጪ እጅግ ትንሹ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ሽቦ ለመለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላው እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መኪና የሚሞላ ሶኬት የሚፈልግ ደንበኛ መጥቷል። ምጣድ ለጥቂት ሰዓት የሚፈትነውን ሶኬት መኪናው እስኪነጋ ድረስ ይፈትነዋል።

ስለዚህ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለቤት የሚሆነው ሶኬት 16 አምፔር የሚችል፣ በጐኑ የምድር ቅንጥስ ያለውና አይ.ኢ.ሲ. 60884-1 የተባለውን ደረጃ ያሟላ እንዲሆን፤ የእንግሊዝ ወይም የቻይና መሰኪያ ላለው ዕቃም ሁሉን ተቀባይ ሶኬት ከመሸጥ ይልቅ መሰኪያውን በባለሙያ ማስለወጥ እንዲለመድ። ሁለተኛ፣ ናሙና ሳይፈታ ውል እንዳይፈረም። ማግኔት ወደ ምላሱ ሲጠጋ ከሳበው ናስ አይደለም፤ የሽቦው ጫፍ ተቈርጦ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሦስተኛ፣ ባለ ሱቁ ማብሪያ ወይም ሶኬት ሲሸጥ «ለምን ዕቃ ነው? ኒውትራል ወርዷል ወይ? የምድር ሽቦስ አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ፤ አዲስ ቤት ለሚሠራውም ኒውትራሉን አሁኑኑ ወደ ማብሪያው ሳጥን እንዲያወርድ እንዲመክር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የአንድ ሶኬት ትርፍ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ በዚያ ሶኬት ምክንያት የተቃጠለ ቤት ግን የነጋዴውን ስም ይዞ ይነዳል። ስም ደግሞ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።