ለትንቢት ያመፀ፣ ለባሪያ ያላመፀ

ኳይ-ጎን ጂን ጀግና ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ሰይፍ ያውቃል፣ ሞት አይፈራም፣ ሲቆጣም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ዐመፀኛ ነው ስትሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። “ዘ ፋንተም ሜናስ” በ1999 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ የማውቀው የስታር ዋርስ ወዳጅ ሁሉ የሚያወጣው ዜማ አንድ ነው፤ ሰላም ጠባቂ ተዋጊዎች ከሆኑት ከጄዳዮች መካከል እውነተኛው እሱ ብቻ ነበር፣ የጄዳዮቹን ምክር ቤት ፊት ለፊት የተዳፈረ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱ ባይሞት ኖሮ ሕፃኑ አናኪን አድጎ ጨካኙ ዳርዝ ቬደር አይሆንም ነበር። በዚህ ጉዳይ ከወዳጆቼ ጋር ተጨቃጭቄ ቡናዬን ሳልጨርስ የተነሳሁበት ቀን አለ። ዛሬ ይውጣልኝ።

የእምቢተኝነቱን መዝገብ አልክድም። ጆርጅ ሉካስ የፈጠረውና ሊያም ኒሰን የተጫወተው ይህ ሰው በትምህርት ሐረግ ሲቆጠር የአንጋፋው ጄዳይ የዮዳ የልጅ ልጅ ነው፤ ዮዳ ዱኩን አስተማረ፣ ዱኩ ኳይ-ጎንን፣ ኳይ-ጎን ኦቢ-ዋንን። ዱኩ በኋላ ጄዳይነቱን ጥሎ ወደ ጨለማው ጎራ የገባው ሰው ነውና በዚህ ቤት አፈንጋጭነት እንግዳ አይደለም። ኦቢ-ዋን ራሱ መምህሩን “ለሕጉ ብትገዛ ኖሮ ይሄኔ የምክር ቤት አባል ነበርክ” በሚል ስሜት ይነዘንዘዋል። ክላውዲያ ግሬይ በ2019 ባሳተመችው ልቦለድ ደግሞ ያ ወንበር በእርግጥም ይቀርብለታል። የስታር ዋርስ ሥራዎች አዘጋጅ ዴቭ ፊሎኒ በ2020 በአንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቁጭ ብሎ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው፤ የፊልሙ የመጨረሻ ፍልሚያ የአናኪን ዕጣ የሚቆረጥበት ነው፣ ኳይ-ጎን ሲወድቅ ልጁ አባት አጣ አለ። ያን ቀን የአድናቂው ሁሉ ዓይን እንባ አቀረረ። የእኔ ግን አላቀረረም።

ስለ አባት ብዙ ተወራ። እናቲቱስ?

እስቲ ታቱዊን ወደምትባለው የበረሃ ፕላኔት እንውረድ። ኳይ-ጎን የሚያጅባት የናቡ ፕላኔት ንግሥት መርከብ ተበላሽታ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች። ኳይ-ጎን መለዋወጫ ፍለጋ ከተማ ገብቶ ዋቶ የሚባል ክንፋም ቸርቻሪ ያገኛል። የሪፐብሊኩ ገንዘብ እዚያ አይሠራም። ጄዳዮች የሰውን አእምሮ በእጃቸው ውዝዋዜ የሚያዞሩባት ዘዴም በዋቶ ዘር ላይ አትሠራም። ሱቁ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ይላላካል፤ አናኪን ይባላል፤ እሱም እናቱ ሽሚም የዋቶ ባሪያዎች ናቸው። እንዳያመልጡ ሰውነታቸው ውስጥ ድብቅ መሣሪያ ተቀብሯል፤ የሸሸ ባሪያ ይፈነዳል። ይህን ለኳይ-ጎን የነገሩት እነሱው ናቸው፣ ገበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ካላቸው ላይ አብልተው።

ዐመፀኛችን ምን መለሰ? ሕፃኑ ባሪያዎቹን ነፃ ልታወጣ ነው የመጣኸው ብሎ በተስፋ ሲጠይቀው፣ ለዚያ አለመምጣቱን ነገረው። ሌሊቱን ደግሞ ቁስልህን ልይልህ ብሎ የልጁን ደም ወሰደ፤ ለእናቱ ምንም ሳይናገር ለምርመራ ወደ መርከቧ ላከው። የጄዳይን ኃይል የሚለካው የደም ቆጠራ ከ20,000 በላይ ሆኖ ከዮዳም በልጦ ተገኘ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አናኪን በዚያ ሰውዬ ዓይን ሕፃን መሆኑ ቀረ፤ ይመጣል ተብሎ የተነገረለት የተመረጠው ሰው፣ ትንቢት ሆነ።

አሁን ውርርዱን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ የእኔ ክስ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኳይ-ጎን አናኪን በእሽቅድምድም የሚነዳትን ፖድ፣ የውድድር መንኮራኩሯን፣ አስይዞ እናትና ልጅን ለማስለቀቅ ይጠይቃል። መጠየቁን እመሰክርለታለሁ። ዋቶ ግን አንድ ፖድ ሁለት ባሪያ አያወጣም ብሎ ይከለክላል፤ አንድ ባሪያ ከሆነ እሺ ይላል። ማን ይውጣ? ገጾቿ ቀይና ሰማያዊ በሆኑ ትንሽ ኪዩብ ዕጣ ይጣላል፤ ሰማያዊ ከወጣ ልጁ፣ ቀይ ከወጣ እናቱ። ኪዩቧ እየተንከባለለች ሳለ ኳይ-ጎን ጣቱን ንቅንቅ ያደርጋል፤ ሰማያዊ። የሁለት ባሪያዎች ነፃነት በዕጣ እየተወሰነ ዕጣውን ያጭበረበረ ይህ ሰው ነው። ማጭበርበሩ አልከነከነኝም፤ ባሪያ አሳዳሪን ማታለል ጽድቅ ነው። የከነከነኝ ጣቱ የትኛዋን ቀለም እንደመረጠች ነው።

ልጁ እሽቅድምድሙን አሸነፈ። ዋቶ ያለውን ሁሉ በሌላ ተወዳዳሪ ላይ አስይዞ ነበርና ባዶ እጁን ቀረ። ልጁን አልሰጥም ብሎ ሲያንገራግር ኳይ-ጎን የከተማዋን ጌቶች ጠርቶ አስፈራራው፤ ዋቶም እሺ አለ። ቀጥሎ አናኪን እየሮጠ ወደ እናቱ ይመጣል። ፖዷ ተሸጣለች፤ በእጁ ገንዘብ ይዟል፤ ተመልከቺ ይላታል። ፊልሙን እዚህ ላይ አቁሙት።

ያ ገንዘብ የሪፐብሊክ ገንዘብ አይደለም፤ እዚያው ገበያ ላይ የተገኘ፣ እዚያው የሚሠራ ነው። የአንድ ፖድ ዋጋ የአንድ ባሪያ ዋጋ መሆኑን ዋቶ በገዛ አፉ ከተስማማ ገና ሁለት ቀን አልሞላውም። ዋቶ አሁን ከስሯል፤ ሳንቲም ይፈልጋል። ባሪያዋ ከፊታቸው ቆማለች፣ ልክ ዋጋዋ ሕፃኑ መዳፍ ላይ ነው፣ ሻጩ ጥቂት ጎዳና አልፎ ሱቁ ውስጥ እያለቀሰ ነው። ኳይ-ጎንም እዚያው ቤት ውስጥ ቆሟል። ስንት ትሸጣታለህ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አልሄደም። ጠይቆ ቢከለከል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ለልጁ ነፃ መውጣቱን አበሰረው፤ ዕቃህን ሸክፍ አለው፤ ሽሚ እዚያው ቀረች።

ይህ ሰው ለኦቢ-ዋን ሲያስተምር የነበረው ትምህርት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሐሳብህን አሁን ባለህበት ላይ አድርግ፣ ለወደፊቱ ስትል የዛሬዋን ደቂቃ አትርሳ የሚል ነው። የዛሬዋ ደቂቃ በባሪያ ልብስ ፊቱ ቆማ ልጇን ስትሸኝ መምህሩ የሩቅ ትንቢት ላይ ነበር።

“ሙት ወቃሽ አታድርገን” ይሉኛል። ከታቱዊን በወጣ በቀናት ውስጥ ሞቷልና ጊዜ ቢያገኝ ይመለስ ነበር ይሉኛል። መልካም። የጨለማው ጎራ ተዋጊ ዳርዝ ሞል ናቡ ላይ ሰይፉን በደረቱ ከሰደደበት በኋላ በኦቢ-ዋን ክንድ ላይ የተናገረውን አስታውሱ። ልጁን እንዲያሠለጥን ቃል አስገባው፤ የተመረጠው እሱ ነው አለ። ስለ እናቲቱ አንዲት ቃል አልተናዘዘም። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ውድ ነው፤ የወጣችው ትንፋሽ ግን ማንን እንዳስቀደመ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ለ10 ዓመት ኦቢ-ዋንም፣ ዮዳም፣ እዚያችው ጎጆ ገብታ የበላችው ንግሥቲቱ ፓድሜም አንዳቸው አልሄዱም። የእነሱ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ቢያንስ እነሱን ዐመፀኛ ብሎ የሚያሞግሳቸው የለም።

ስለ መምህርነቱም ሳልናገር አላልፍም። ምክር ቤቱ አናኪንን አልቀበልም ሲል ኳይ-ጎን ሽማግሌዎቹ ፊት ብድግ ብሎ እኔ ራሴ ደቀ መዝሙሬ አደርገዋለሁ አለ። በደንቡ አንድ መምህር ሁለት ደቀ መዝሙር አይይዝም። ስለዚህ ስንት ዘመን የተከተለውን ኦቢ-ዋንን እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ሳያማክረው፣ እሱ ለፈተናው ደርሷል ብሎ ገፋው። የኦቢ-ዋንን ፊት ያየ ሰው ይህን የድፍረት ትዕይንት ብሎ አያጨበጭብም። ሲታዘዘው የኖረውን ልጅ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ የሚያስነሳ አባት እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን ሰው በሰፈራችን ዐመፀኛ አንለውም።

ፍሬው በ2002ቱ ፊልም ታየ። አናኪን በሕልሙ እናቱ ስትሠቃይ እያየ እንቅልፍ አጣ። ታቱዊን ሲደርስ የአሸዋ ሰዎች የሚባሉት የበረሃው ነዋሪዎች ደብድበዋት ነበርና እቅፉ ውስጥ ሞተች። ወንድ ሴት ሕፃን ሳይል የደብዳቢዎቿን ሰፈር ሰው ሁሉ ጨረሰ። በዚያች ሌሊት ዮዳ ተመስጦ ላይ ሳለ አንድ ድምፅ ከሙታን ዓለም ሲጮህ ይሰማል፤ አናኪን፣ ተው! የኳይ-ጎን ድምፅ ነው። ከሞት ወዲያ ሆኖ መናገር የቻለ ሰው ከሆነ፣ አፉን የከፈተው ልጁ ሰይፍ ከመዘዘ በኋላ መሆኑ ለእኔ ከመቃብሩ የመጣ የክስ ማስረጃ ነው። ዐመፅማ በጊዜው ነበር።

እዚያው ፊልም ላይ በጨዋታ መካከል ጣል ተደርጎ የሚያልፍ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሽሚ በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ ነፃ ወጥታ ነበር። ክሊግ ላርስ የሚባል ሰው ከዋቶ ገዝቶ ነፃ አወጣት፣ አገባትም። ይህ ሰው ሰይፍ የለውም፣ ምክር ቤት አያውቅም፣ ትንቢት አልተነገረለትም። ከደረቅ አየር እርጥበት እያጠራቀመ የሚኖር የበረሃ ገበሬ ነው። ዋቶ ዘንድ ሄዶ ዋጋዋን ጠየቀ፤ ከፈለ፤ ይዟት ወጣ። ስትጠፋም ሊፈልጋት ወጥቶ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ።

በታቱዊን ላይ ባርነትን እምቢ ያለ ሰው ካስፈለጋችሁ እሱ ነው። የኳይ-ጎንን ምስል በሸሚዝ ላይ አትማችሁ የምትሸጡ ሰዎች፣ የክሊግ ላርስንም አንድ አትሙልኝ፤ እኔ እገዛዋለሁ።