ዕውቀትን በሣቅ የሚሸጥ ገበያ

በእንግሊዝ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ስለ ፊዚክስና ስለ ሂሳብ የሚነገር ቀልድ ለመስማት አዳራሽ የሚገባበት ልማድ እየተስፋፋ መሄዱን፣ ነጋዴ እንደ ተራ ጨዋታ ቈጥሮ ሊያልፈው አይገባም። በ2009 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ብራይት ክለብ የተባለ ምሽት ተጀመረ፤ በመድረኩም ላይ ተመራማሪዎች የገዛ ሥራቸውን እያሣቁ ያስረዳሉ። በዚያው ዓመት ቢ.ቢ.ሲ. የፊዚክስ ሊቁ ብራያን ኮክስና ቀልደኛው ሮቢን ኢንስ የመሩትን የራዲዮ ዝግጅት ማሰማት ጀመረ።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ ነው ለማለት አይቻልም። በ1799 በተመሠረተው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሃምፍሪ ዴቪ ስለ ኬሚስትሪ ሲናገር፣ ሊሰማው የሚመጣው ሠረገላ ከመብዛቱ የተነሣ የአልቤማርል ጎዳና በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኬድበት ተደረገ። በ1802 ጄምስ ጊልሬይ የዚሁኑ ቤት የጋዝ ሙከራ የሚያላግጥ ሥዕል አሳትሞ ለገበያ አወጣ። ያን ጊዜ የሚሣቀው በሊቃውንቱ ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን አሣቂዎቹ ሊቃውንቱ ራሳቸው ናቸው።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው የስቲቭ ሞልድ ምሳሌ ነው። ይህ ሰው ረጅም የብረት ዶቃ ሰንሰለት በዕቃ ውስጥ ሞልቶ አንዱን ጫፍ ወደ ታች ይለቀዋል። ሰንሰለቱ በቀጥታ ከመውረድ ይልቅ አስቀድሞ ከዕቃው አፍ በላይ እንደ ፏፏቴ ይዘልላል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ወዲያውም ምክንያቱን ይጠይቃል። የካምብሪጅ ሊቃውንት ጆን ቢጊንስና ማርክ ዋርነር በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሰንሰለቱ ቍራጭ በአንድ ጫፉ ሲነሣ በሌላው ጫፉ ከሥሩ ያለውን እንደሚጫን፣ የተጫነውም መልሶ ወደ ላይ እንደሚገፋው አስረዱ። ዋጋው እጅግ ያነሰ ዕቃ፣ አቀራረቡን በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ሕዝብን አቁሞ ያስጠይቃል።

ሣይንስ በሣቅ ይዋረዳል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ ያልገባው ሰው ከልቡ አይሥቅም፤ ሣቁ ለተናጋሪው እንደ ሚዛን ያገለግለዋል። የሚያሠጋው ሌላ ነው፤ ይኸውም ለሣቅ ሲል እውነቱን የሚበርዝ ቀልደኛ ነው። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ የገዛ ሰው እንኳ ሲያነጥር ይደርስበታል፤ የቀልዱ ሰሚ ግን ማንጠሪያ የለውም።

የፀሐይ ኀይል መብራትና የጸረ ተባይ መድኀኒት የሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ሻጩ ማስረዳት ያልቻለውን ዕቃ ገዢው ያለ አገባቡ ይሠራበታል፤ ሲበላሽበትም የሚያማው ሱቁን ነው። በንግድ ትርኢት ላይ ለድምፅ ማጉያና ለጌጥ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ፣ ዕቃውን ጠንቅቆ ለሚያውቅና ጨዋታም ለሚሆንለት ሰው ቢከፈል ኪሳራ አይሆንም። የጸረ ተባዩ መጠን ግን በጽሑፍ ተሰጥቶ፣ ተነብቦም ይነገር እንጂ በቀልድ አይታለፍ።