ስለ ተለያዩ ወላጆች ልጆች

በጎንደር ከተማና በወገራ፥ በዳባት፥ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ ባልና ሚስት ሊለያዩ በተነሡ ጊዜ ሽማግሎች ተቀምጠው ከብቱን በየቀንዱ፥ እህሉን በየጎተራው ያካፍላሉ፤ ስለ ቤቱና ስለ መሬቱም ብዙ ይከራከራሉ። የልጁ ነገር ሲደርስ ግን «ከእናቱ ይኑር» ወይም «ከአባቱ ይደግ» ከሚል ቃል በቀር ብዙ ጊዜ የሚነገር የለም። ልጁ ሌላውን ወላጅ በየትኛው ቀንና ስፍራ፥ በማንስ እጅ እንደሚያገኝ ሳይወሰን ይቀራል፤ ጠብም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ዳኝነት ሰጥቶ ነበር፤ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀርም ሕፃን እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አደረገ። በአንቀጽ 113ም ዳኛው ፍቺን ሲወስን ስለ ልጆቹ አኗኗር፥ ትምህርት፥ ጤንነትና ቀለብ፥ ወላጆችና ልጆችም ስለሚጠያየቁበት መብት አብሮ እንዲወስን አዘዘ። የዐማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 ከወላጁ የተለየ ሕፃን፥ ለእርሱ ጉዳት የሚያመጣ ካልሆነ በቀር፥ ከሁለቱም ጋራ ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ መጠየቅ ለአባት ወይም ለእናት የሚደረግ ውለታ ሳይሆን የልጁ ገንዘብ ነው።

ይህ ባለመታወቁ አንዳንዱ አባት «ልጄን ካላሳዩኝ ቀለብ አልቆርጥም» ይላል፤ አንዳንዲቱም እናት «ቀለብ ካልቆረጠ ዓይኑን አያይም» ትላለች። ሁለቱም ልጁን እንደ ዕዳ መያዣ አደረጉት። ቀለብ የከለከለውንም ሆነ ልጅ የደበቀውን የሚያስገድድ ፍርድ ቤት አለ፤ የአንዱ ጥፋት ለሌላው ጥፋት ፈቃድ ሊሆን አይችልም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ፍርድ ለዳኞች ሁሉ መመሪያ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድገው ኖራ፥ ለብዙ ዓመታት ያልጠየቀው አባት ልውሰደው ባለ ጊዜ፥ ችሎቱ አባትነት ብቻውን እንደማይበቃና የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም ወሰነ።

ነገር ግን ፍርዱ አገሩን የሚመስል ሊሆን ይገባዋል። አባት በጎንደር፥ እናት ወደ አባቷ ቤት ወደ ጃናሞራ ተመልሳ ሳሉ «በየሳምንቱ ቅዳሜ ይጠያየቁ» ብሎ መጻፍ አለመጻፍ ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ብቻ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የስሜን ተራራ አለ፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምትም ጭቃና የወንዝ ሙላት የሚበዛበት ወራት ነው፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚታወክበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ዳኛው ቀን ከመቍረጡ አስቀድሞ መንገዱንና የትምህርቱን ጊዜ ይጠይቅ። ልጁን የሚያደርሰው ሰው፥ የመሳፈሪያው ወጪ፥ የሚረከቡበትም ስፍራ ይጻፍ። ስፍራው የአያት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ቢሆን ከፖሊስ ጣቢያ ይሻላል። የሚያስፈራ በደል የተፈጸመበት ቤት ሲሆን ግን ልጁን ከወላጁ ጋራ ብቻውን መተው አይገባም፤ የታመነ ሰው አብሮ ይቀመጥ።

የካህናቱ ድርሻ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በሥርዓተ ቁርባን የተጋቡ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ፍቺን በቀላሉ ስለማትፈቅድ ወደ ዳኛ ሳይሄዱ በየፊናቸው የሚኖሩበት ጊዜ አለ፤ የእነዚህ ልጆች ነገር በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ይህን የሚያውቀው የነፍስ አባት ነው። እናቲቱ ወደ ሌላ አጥቢያ በሄደች ጊዜ የሁለቱ አጥቢያ ካህናት ቢላላኩ፥ ዳኛ ሳይደርስበት ብዙ ነገር ይቀናል። ለጥምቀት ከባላገር ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ጥር 10 ቀን ከተራ ልጁ ከእናቱ ጋራ መጥቶ፥ ጥር 12 ቀን ከሚካኤል ታቦት መግባት በኋላ ከአባቱ ዘንድ ጥቂት ቀን ቢሰነብት፥ ይህንም ቄሱና ሽማግሎቹ በፊርማቸው ቢያጸኑት፥ ወረቀቱን የወረዳው ፍርድ ቤት ተቀብሎ ከመዝገብ ለማግባት የሚያስቸግረው ነገር አይኖርም።