ለአብያታ ምስክር ይቁምለት

ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የገባ ጎብኚ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ሳይቆም አያልፍም። ስልክ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውም በቤተሰብ ቴሌግራም ገብቶ ይቀራል። አስጎብኚው ደግሞ ቁልቁል እያመለከተ ውኃው ቀድሞ እስከየት ይደርስ እንደነበር ያስረዳል። ዓመት ከዓመት የሚናገረውን ይህን ነገር የሚጽፍለት የለም። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ፎቶውም ሆነ የአስጎብኚው ምስክርነት በመዝገብ ይያዝ የሚል ነው።

አብያታ ጥልቀት የሌለው፣ መውጫም የሌለው ሐይቅ ነው። ውኃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ነው። ከላይ ለመስኖ የተጠለፈው ታች አይደርስም፤ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ከራሱ ከሐይቁ ሲሳብ የኖረው ደግሞ በዚያ ላይ ይታከላል። ባለፉት 50 ዓመታት የሐይቁ ስፋት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጨውና ሶዳው ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ፔሊካኖችም ቀለባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ። አልጌና ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት የሚመገበው ፍላሚንጎ ግን አሁንም ይታያል። እሱን ቀረብ ብሎ ለማየት ከመኪና ወርዶ፣ ከእግር ሥር በሚንኮሻኮሽ ነጭ የሶዳ ቅርፊት ላይ ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ነው፤ በመኪና ልጠጋ ያለውን ጭቃው ይይዘዋል። ያ ሁሉ ሜዳ ሐይቅ ነበር።

ፎቶን መዝገብ ማድረግ እንደሚቻል ሌሎች አሳይተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ በሚገኘው የማንሊ ባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2017 የስልክ ማስቀመጫ ያለው ብረት ተተከለ። መንገደኛው ስልኩን እዚያ ላይ አስደግፎ ፎቶ ያነሳና ይልካል። ቦታውና አቅጣጫው ስለማይለወጥ ተመራማሪዎች ከማንኛውም ሰው ፎቶ ላይ የውኃውን ጠርዝ መለካት ይችላሉ። ኮስትስናፕ የተባለው ይህ ሥራ ዛሬ በብዙ አገሮች ተዛምቷል። እኛ ባሕር ባይኖረንም ዳርቻ ሞልቶናል፤ ዳርቻችንም ባለበት አይቆምም። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ኋላ ከ40 በልጦ መንገድና የባቡር ሐዲድ ገፍቷል። የሐረማያ ሐይቅ በተቃራኒው ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር።

ሳተላይት እያለ የመንገደኛ ፎቶ ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለማናችንም አይመችም። የአብያታ መሸሽ ከሰማይ ከታየ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ጥናቶች ተጽፈው በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። ውኃው ግን መሸሹን አላቆመም። ጥናት የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። በገዛ እጁ ያነሳውን ፎቶ ካምናው ጋር ያስተያየ ሰው ግን ባለጉዳይ ይሆናል፤ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ሳተላይቱም ቢሆን ዳር ላይ ሞቶ የወደቀ ወፍ አይቆጥርም።

የወፎች ቆጠራን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ገደማ ይካሄዳል፤ በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሲሠራበት ቆይቷል። በሺህ የሚቆጠር መንጋ ገምቶ መመዝገብ፣ ትልቁን ፍላሚንጎ ከትንሹ መለየት ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጎብኚው በፎቶ ይጀምር፤ ቆጠራው ለሠለጠኑ አስጎብኚዎችና ለፓርኩ ስካውቶች ይተው። የሚበር መንጋ ለማንሳት ብሎ ልጅ ልኮ ወፎቹን ማስበርገግ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይከልከል። ለጎብኚው የደቂቃ ትርኢት ነው፤ ወፉ ግን ከመኖው ይነሳል፣ ጉልበቱንም በከንቱ ይጨርሳል።

ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለመነሻ የስልክ ማስቀመጫ ያላቸው ሦስት ምሰሶዎች ቢተክል ይበቃል፤ አንዱን ኮረብታው ላይ፣ ሁለቱን ቡልቡላና ሆራ ቀሎ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት። ለሚመዘግቡት አስጎብኚዎች ከመግቢያ ክፍያው አበል ይታሰብላቸው። ተጨማሪ ሥራ በነፃ የተጫነበት ሰው ቅጹን ጥላ ሥር ተቀምጦ እንደሚሞላው ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶውና ቆጠራው ለማንም ክፍት ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውኃ የሚስቡት ፓምፖች ያለ ቆጣሪ ከሠሩ፣ የምንሰበስበው የሐይቁን አሟሟት የሚያሳይ አልበም ነው። ስለዚህ የውኃ አጠቃቀም ፈቃድ የሚሰጡ የፌዴራልና የኦሮሚያ መሥሪያ ቤቶች ከዝዋይ፣ ከቡልቡላና ከአብያታ በዓመቱ ማን ምን ያህል እንደሳበ ከፎቶዎቹ ጎን ለሕዝብ ያውጡ። የመጀመሪያው ዝርዝር ከመጪው የበጋ መስኖ በፊት እንዲወጣ እንጠይቃለን።