ገመዱ በማን እጅ ነው?

«ቴክኖሎጂ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው!» የሚለው አባባል ከከተማ ምሁራን አንደበት አይጠፋም። ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይገድላል፤ ስለዚህ ቢላዋውን አትውቀሱ ይሉናል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ዳሩ ግን ቢላዋ በየማዕድ ቤቱ አለ። መንግሥት ሰውን የሚቆጥርበትን፣ የሚለካበትንና የሚፈርጅበትን መሣሪያ ግን ባላገሩ በእጁ ይዞት ያወቀው ስንት ጊዜ ነው?

ይህን ለመመለስ ባሕር ማዶ መሻገር አያሻም፤ ጎጃምን መጠየቅ ይበቃል።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አሻፈረኝ ብሎ ተነሣ። ድንቁርና ነው ያሉት ነበሩ። ገበሬው ግን የፈራው ከግብሩ በስተጀርባ ያየውን ቀላድ ነበር። የጎጃም ርስት በትውልድ የሚቆጠር መብት ነው፤ ምስክሩም አያት፣ ጎረቤትና የአገር ሽማግሌ ነበር። መሬቱ በገመድ ተለክቶ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ምስክሩ ከመንደር ወጥቶ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለርስቱ ማን እንደሆነ የሚናገረውም ጸሐፊው ይሆናል። መንግሥት ለዚህ ሥጋት የጦር አውሮፕላን ላከበት። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ጎጃም ወርደው ውዝፉን ግብር ማሩ። ደንቆሮ የተባለው ገበሬ ሳይሸነፍ ቀረ።

ደርግ ደግሞ ከገመዱ ይልቅ ማስመሪያውን ወደደ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ጎጆ እየፈረሰ በመስመር ተደረደረ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ ይመጣል ተባለ። ትምህርት ቤት የሚጠላ ማነው? ነገር ግን መስመሩ የሚያምረው ካርታ ለሚያይ ሹም ነው፤ ለነዋሪው ማሳው ራቀ፣ ጓሮው ቀረ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ማንንም ሳይጠይቅ ቤቱን እየነቀለ ወደ ቀየው መመለስ ያዘ።

ሦስተኛው መሣሪያ የስም ዝርዝር ነበር። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» ወይም «ቀሪ ፊውዳል» ተብሎ የተፈረጀ ገበሬ ይዞታው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሹመት መያዝ ቢሮክራት አሰኘ። ሞፈርና ቀንበር የተሸከመ ቢሮክራት ያየ ዓለም የት አለ? አንዲት ቃል መዝገብ ላይ ሰፍራ የልጆችን እንጀራ ቆረሰች።

እንግዲህ ጎጃሜ ከመሠረቱ መለካት ይጠላል የሚል ካለ ይስማ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ገመድ እንደገና ማሳ ውስጥ ገባ። አውሮፕላን የሚያስልክ አመጽ ግን አልተነሣበትም። ለምን? ልኬታው በቀበሌው ሕዝብ በተመረጠ ኮሚቴ፣ ጎረቤት ድንበሩን እየመሰከረ የሚካሄድ ነበርና፤ ደብተሩም የባልና የሚስት ስም ተጽፎበት በባለይዞታው እጅ ይገባ ነበርና። ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ የተለወጠው እጁ ነው።

ጀርመናዊው ማርቲን ሃይዴገር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ዓለሙን ሁሉ፣ ሰውንም ጨምሮ፣ ለፍጆታ እንደተከመረ ጥሬ ሀብት የማየት መንገድ ነው ብሎ ነበር። ትልቅ ሐሳብ ነው። ይሁንና ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። ፈላስፋው ማሽኑን ተጠራጥሮ መንግሥቱን አመነ፤ የሞጣው ገበሬ ግን ሁለቱ ተጋብተው ሲመጡ ከሩቅ ለያቸው።

ዛሬ ገመዱ አይታይም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ወጣ፤ ፋይዳ የጣት አሻራንና የዓይን ብሌንን ወስዶ ለሰው 12 አኀዝ ይሰጠዋል። አዋጁ ስለ ተመዝጋቢው ፈቃድ ይናገራል፤ ያለ ቁጥሩ የባንክ ሒሳብ መክፈት ከተከለከለ ግን ፈቃድ ምን ትርጉም አለው? በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ኑሮን ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ ማንጠልጠል፣ ማጥፊያውንም ለአንድ እጅ መስጠት ማለት ይህ ነው።

ማሽን ይሰበር፣ ወደ ኩራዝ እንመለስ የሚል እዚህ የለም። መታወቂያ ያጣ ድኻ በየቢሮው ሲንከራተት እናውቃለን። የምንጠይቀው የ1995ቱን ደንብ ነው። ተመዝጋቢው ስለ እሱ የተጻፈውን ይይ፤ ስሕተት ሲገኝ የሚያርመውና የሚዳኘው ሰው በአቅራቢያው ይኑር፤ እምቢ ያለም እንጀራው አይቋረጥበት። ይህን የማይፈቅድ መሣሪያ ምንም ያህል ቢራቀቅ ያው የ1960ው ቀላድ ነው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ነበር። ንጉሡ አልፏል። በቦታው የማይከሰስ ኮምፒዩተር ካስቀመጥን ግን ከዘመን ወደ ዘመን መሸጋገራችን ምኑ ላይ ነው?